«ማን አስተማረዎት?»

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ልጅ ሥራዎቼን ልታይ ቤቴ መጣች። እዚሁ አዳማ ሥዕል የምትማር ናት። ግድግዳው ላይ ካሉት ሕትመቶች አንዱ ፊት ቆማ ቀረች። በድሮ የፈተና ማባዣ የተሠራ ነው ስላት ሳቀች። ከዚያ «ጋሼ፣ ማሽኑን ማን አስተማረዎት?» አለችኝ።

«ማንም። ራሴ ነኝ» አልኳት።

ቡናዋን ጠጥታ ሄደች። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ውሸቴን ነበር። አርባ ዓመት ገደማ ስዋሸው ስለኖርኩ አፌ ለምዶታል። ስለዚህ ይህን ለእሷና ለእኩዮቿ እጽፋለሁ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ከተማዋን ናዝሬት እንላት ነበር። አዲስ አበባ የእንጨት ቅርጽ ሕትመት ተምሬ እዚህ መምህር ሆኜ መጣሁ። ማተሚያ ፕሬስ የሚባል ነገር የለም። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ የእጅ ማባዣ ነው፣ ጌስቴትነር። ክፍሉ ሁሌ ይቆለፋል። በአብዮቱ ዓመታት በራሪ ወረቀት የሚባዛው በእንዲህ ዓይነት ማሽን ስለነበር፣ ቁልፉ እንደ ጠመንጃ ነበር የሚጠበቀው። ጠባቂውም አንድ ሰማያዊ ጋዋን የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው።

ስቴንስል ለማታውቁት፣ ሰም ነገር የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። ጸሐፊዋ የታይፑን ሪባን ከመንገድ ታወጣና በባዶው ትመታዋለች። ፊደሉ ሽፋኑን ይበሳል። ከዚያ ሲሊንደሩ ላይ ይጠቀለላል። እጀታው ሲዞር ቀለሙ ከውስጥ በቀዳዳዎቹ እየወጣ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ኤዲሰን እንኳ በ1876 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሥራ የሚሆን በኤሌክትሪክ የሚበሳ ብዕር አስመዝግቦ ነበር። እኔ ያገኘሁት ሚስማር ነው።

ጸሐፊዋ ጠንከር አድርጋ ስትመታ የ«ዐ» እና የ«ፀ» ክብ መሃሉ ይረግፋል። ሲባዛ ጥቁር ዓይን ሆኖ ይወጣል። ጋሼ የጥፍር ቀለም የሚሸት ቀይ ፈሳሽ ቀብተው ይደፍኑታል። አንድ ቀን ቆሜ ሳያቸው፣ ክብ መርገፍ ከቻለ ክብ መሣልም ይቻላላ አልኩ። የተበላሸ ስቴንስል ለመንኳቸው። የፈተናው ይቃጠላል እንጂ አይሰጥም። ሌላውን ሰጡኝ።

በሚስማር ጫርኩ፣ በሹካ ጫርኩ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ። ልብስ ሰፊዎች ጨርቅ ላይ ምልክት የሚያወጡበትን ጥርሳም ጎማ አስኬድኩበት። ሰፊ ጥቁር ሜዳ ልሥራ ስል ስቴንስሉ ይቀደዳል፣ ቀለሙ ይጎርፋል። «መምህር፣ ጭረት ውደድ። ሜዳ አትውደድ» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ የናዝሬት ሙቀት ሰሙን እንደሚያላላውም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በእሳቸው ምክር ከደወል በፊት፣ በማለዳ መሥራት ጀመርን። ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም፤ በየሕትመቱ መካከል ጋዜጣ ማስገባትም የእሳቸው ነው። በር ከተከፈተ ደግሞ የናዝሬት ነፋስ አቧራውን ይዞ ይገባል። ያኔ አንደኛችን በር እንደግፋለን።

አንድ ጠዋት የወንጂ አገዳ ቆራጭ ሥዬ ነበር። ሲሊንደሩ በግራ በኩል ቀለም አልደረሰውም። ሰውየው ግማሹ ጠፍቶ ወጣ። ጨምድጄ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ጋሼ አወጡት፣ በመዳፋቸው ዘረጉት። «ይህን አትጣለው፣ ፀሐይ ገብቶበታል» አሉ። ከዚያ ቀለሙን ሆን ብለው በግራ በኩል እየነፈጉ ሃያ አወጡልኝ። ልጅቷ ፊቱ ቆማ የቀረችው ሥራ ይኸው ነው። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ያንን ግማሽ ጎን ነው።

ኤግዚቢሽን ተዘጋጀልኝ። ከየሥራው በታች ስሜን ጻፍኩ። ከስሜ በታች ደግሞ «ስልቱ የሠዓሊው ፈጠራ» ብዬ ጨመርኩ። ጋሼ ሱፋቸውን ለብሰው መጡ። እያንዳንዷን ጽሑፍ፣ ፈተና እንደሚያርሙ ሁሉ፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ምንም አላሉም። አገዳ ቆራጩ ጋ ሲደርሱ ብቻ፣ «ትርፍ ካለህ አንዱን ለልጄ ላሳያት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ቁጥር አለው። ሃያ ብቻ ነው» አልኳቸው።

«ሃያ ብቻ?» ብለው ሳቁ። «ብትነግረኝ አምስት መቶ አወጣልህ አልነበር?»

አልሰጠኋቸውም። ብዙ ሳይቆይ ተዛወርኩ። ከዓመታት በኋላ ስመለስ ፎቶ ኮፒ ገብቷል፣ ማሽኑ ለቁራሌ በኪሎ ተሸጧል። ጋሼ ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገብተዋል አሉኝ። አገራቸው የት እንደሆነ የሚያውቅ አጣሁ። እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም።

ጠንክሩ፣ አንብቡ አልላችሁም፤ ያንን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። አሮጌ ማሽን ፍለጋም አትንከራተቱ። ትምህርት ቤቶች ዛሬ ፈተና የሚያባዙበት ሪሶ የዚሁ ዘር ነው። ስቴንስሉን በሙቀት ራሱ ይበሳል። ውጭ አገር ሠዓሊዎች በሽሚያ ይሠሩበታል፤ እናንተ ደጃችሁ አለ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ግን ቡና ጋብዙ፣ ስሙን እስከ አያቱ ጠይቁ። የዘንድሮ ልጆች አንድ መስመር ሳትጭሩ ፎቶ አንስታችሁ ትለቃላችሁ። እኔም ያኔ ስልክ ቢኖረኝ ከእናንተ የባስኩ እሆን ነበር መሰለኝ። ቁራሌ ጋ ጌስቴትነር ካያችሁ ግን ለማንም ሳትናገሩ ደውሉልኝ።

ትናንት ሣጥኔን ፈትሼ ያቺን ከቅርጫት የወጣችውን የመጀመሪያዋን አገኘኋት። ጭምድዷ አልለቀቀም። ጀርባዋ ላይ ስማቸውን ልጽፍ እስክሪብቶ አነሳሁ። «ጋሼ» ከሚለው ሌላ የምጽፈው አልነበረኝም። ጠርዟ ላይ የአውራ ጣታቸው አሻራ በጥቁር ቀለም ታትሟል። በሌሎቹም ነበረ። ፍሬም ሳስገባቸው ቆሻሻ ነው ብዬ በምላጭ ቆርጬ ጥዬዋለሁ።

ልጄ፣ ይህ ከደረሰሽ ቅዳሜ ብቅ በይ። ይቺን አላየሻትም።