የሎኮሞቲቭ ዲኮደር ምርጫ፦ ጠይቁኝ፣ ግን ሞተሩን ለክታችሁ ኑ

በየግላችሁ የምትጽፉልኝ ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ሁሉንም እዚህ ልመልስ። ጀርመን ውስጥ ሞዴል ባቡር እየፈታሁ ስገጥም ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ዲኮደር ማለት ሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ ገብታ፣ ከሐዲዱ ትእዛዝ ተቀብላ ሞተሩንና መብራቱን የምታዝ ትንሽ ሰሌዳ ናት። ይህን የምታውቁ ናችሁ ብዬ ነው የምቀጥለው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሁሉም ጥሩው ዲኮደር የቱ ነው?

ለየትኛው ሎኮሞቲቭ? መጠኑ ስንት ነው? ዲኮደር የሚሰካበት ሶኬት አለው? ሞተሩ ስንት አምፔር ይስባል? እነዚህን ይዘህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ከሽቱትጋርት ነኝ። አሮጌ የሃ-ኑል (H0፣ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ) ሎኮሞቲቭ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዛሁ። ባለ ሁለት ሐዲድ ነው፣ ሶኬት የለውም። የስንት አምፔር ዲኮደር ልግዛ?

እንዲህ ነው መጠየቅ!

ከግዢ በፊት ሞተሩን ለካ። 12 ቮልት ቀጥታ ስጠውና ቴስተሩን በአምፔር አድርገህ በመስመሩ መሃል አስገባው። ከዚያ ሞተሩን ለአንድ ሰከንድ ያህል በጣትህ አቁመው። ሲቆም የሚስበው ከፍተኛው ነው። ንባቡ 0.6 ከሆነ ለሃ-ኑል የተለመደው የ1 አምፔር ዲኮደር ይበቃሃል። 1 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየህ ጠንከር ያለ ፈልግ፣ ወይም ሞተሩን አጽዳና ድገም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የደረቀ ዘይትና በካርቦን ዱቄት የተደፈነ ኮሌክተር (ሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚቀበልበት የመዳብ ክፍል) ነው። ደግሞ በዲጂታል ሐዲዱ ላይ ያለው ቮልት ከ12 ከፍ ስለሚል ትርፍ ተውለት።

ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። በእነዚህ አሮጌዎች አንዱ የሞተር ብሩሽ (ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚያቀብለው የካርቦን ቁራጭ) ብዙውን ጊዜ ከሻሲው ጋር የተያያዘ ነው። በአናሎግ (ዲኮደር በሌለበት) ዘመን ችግር የለውም፤ ዲኮደር ስታስገባ ግን ኮንታክት ይሆንና ዲኮደሯ ትቃጠላለች። ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጠው ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ ብሩሹ ላይ፣ ሌላውን ሻሲው ላይ ንካ። ጢጥ ካለ አቁም! ብሩሹን የሚይዘውን ፍታ፤ ከሥሩ ወደ ሻሲው የምትነካ ቀጭን የብረት ምላስ ታገኛለህ። እሷን ቁረጥና በናስትሮ ለይ። የመጀመሪያዋን ዲኮደሬን ያቃጠልኩት በዚህች ምላስ ነው። ሽታው ሳምንት ሙሉ ሳሎን ውስጥ ቆየ፤ ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ቀለማቱ፦ ቀይ የቀኝ ሐዲድ፣ ጥቁር የግራ ሐዲድ፣ ብርቱካናማና ግራጫ ለሞተር፣ ነጭ የፊት መብራት፣ ቢጫ የኋላ መብራት፣ ሰማያዊ የመብራቶቹ የጋራ ፖዘቲቭ። ብርቱካናማውና ግራጫው ከሞተሩ በስተቀር ምንም አይንኩ። ምንም!

ጥያቄ፦ የኔ አዲስ ነው፣ ሶኬት አለው። የሶኬቱን ዓይነት እንዴት ልወቅ?

መመሪያው ላይ ተጽፏል። ከጠፋብህ ቁጠር። 8 ቀዳዳ ከሆነ ኔም 652 ነው (ኔም የአውሮፓ የሞዴል ባቡር ደረጃ ነው)። ቦታ ለጠበበው 6 ቀዳዳ ያለው ኔም 651፣ ወይም አዲሱ ኔክስት 18 ነው። ሰዎች የሚምታቱት ፕሉክስ 22ና 21 ኤምቲሲ በሚባሉት ሁለት ሶኬቶች ላይ ነው። በፕሉክስ መርፌዎቹ ያሉት ዲኮደሯ ላይ ነው፤ በኤምቲሲ ግን ሎኮሞቲቩ ላይ። አንዱ ለሌላው አይሆንም፣ በጉልበትም አይገባም።

ጥያቄ፦ የድምፅ ዲኮደርስ? የትኛው ድምፅ ይበልጥ እውነተኛ ነው?

ድምፅ ሌላ ሰው ጠይቁ። እኔ ቤት የሚጮህ በቂ ሰው አለ።

ጥያቄ፦ እኔ የሜርክሊን (መሃሉ ላይ የነጥብ መስመር ያለው ሐዲድ) ሰው ነኝ። ለአሮጌው ሎኮሞቲቬ የሚሆን አለ?

አለ፣ ግን ዲኮደር ብቻ አይበቃም። አሮጌው የሜርክሊን ሞተር የመግነጢስ ጥቅል ሽቦ ያለው ነው፤ አቅጣጫውንም የሚቀይረው በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ) ነው። ጥቅሉን አውጥተህ በቋሚ ማግኔት ትተካዋለህ፣ ሪሌውንም ትጥላለህ። ዲኮደሯን ስትገዛ ሞቶሮላ ወይም ኤምኤፍኤክስ የሚባሉትን የሜርክሊን የትእዛዝ ቋንቋዎች የምትረዳ መሆኗን እይ። ኢኤስዩ የተባለው ፋብሪካ የሚሠራት ሎክፓይለት 5 እነዚህንም፣ በባለ ሁለት ሐዲዶቹ የተለመደውን ቋንቋ ዲሲሲንም ትረዳለች። «ዲሲሲ» የሚል ቃል ስሟ ላይ የተጨመረባት ግን ዲሲሲ ብቻ ናት። በርካሽ አገኘሁ ብለህ እሷን እንዳትገዛ።

*አንድ አባል፦* ሜርክሊን መጫወቻ ነው። መሃሉ ላይ ነጥብ ነጥብ ያለው ሐዲድ የት አገር አለ?

*ሌላ አባል፦* ያንተ ባቡር በየመገንጠያው ሲቆም የኔ ይሄዳል። ያ መጫወቻ ከሆነ ይሁን።

*የመጀመሪያው፦* የኔ የሚቆመው መቼ ነው? አይተኸዋል?

*ሌላው፦* ፋሲካ ለት እቤትህ!

እናንተ ሰዎች፣ በኋላ ተጨቃጨቁ።

ጥያቄ፦ ከላይ አላነበብኩም፣ ይቅርታ። ርካሽና ጥሩ ዲኮደር የቱ ነው?

አንብብ።

ጥያቄ፦ የድሬዳዋን ባቡር በሃ-ኑል መሥራት እፈልጋለሁ። ምን ዲኮደር ይሆነኛል?

*አንድ አባል፦* ተራ የ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ግዛ፣ ያው ነው።

ያው አይደለም! የድሮው መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። 1000ን ለ87 ስታካፍል 11.5 ሚሊ ሜትር ግድም ይመጣል፤ ስለዚህ 12 ሚሊ ሜትር የሆነው ሃ-ኑል-ኤም ነው የሚሆንህ። 16.5 የሚሆነው በ2016 እ.ኤ.አ. ለተመረቀው ለአዲሱ የጅቡቲ መስመር ነው፤ እሱ 1435 ሚሊ ሜትር ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ የደረሰውን፣ በ1917 እ.ኤ.አ. ለገሃር የገባውን ባቡር በሰፊ ሐዲድ ካስኬድከው አባቴ ከመቃብር ይነሳል። ድሬዳዋ ወርክሾፕ ውስጥ ነው ያደገው።

የድሬዳዋ ሎኮሞቲቭ ተዘጋጅቶ ሲሸጥ አላየሁም። ቤሞ የተባለው ፋብሪካ የስዊስ ተራራ ባቡሮችን በ12 ሚሊ ሜትር ይሠራል፤ ከእነሱ አንድ ሻሲ ወስደህ አካሉን ራስህ ሥራ። ውስጡ ጠባብ ስለሆነ ዲኮደር ከመግዛትህ በፊት ባዶውን ቦታ በማስመሪያ ለካ። ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታ። ከጣሪያውና ከብረቱ የማትነካበትን ክፍተትም አስብ። ከጨረስክ ፎቶ ሳትልክልኝ እንዳትቀር።

ጥያቄ፦ ዲኮደሯን ገጠምኩ፣ ሞተሩ ይሄዳል፣ መብራት ግን የለም።

ባለ 8 ቀዳዳ ከሆነ ሶኬቱን ገልብጠህ ሰክተኸዋል። አዙረው። በዚህ ዲኮደሯ አትጎዳም።

ጥያቄ፦ የኔ ጭራሽ አይንቀሳቀስም።

አዲስ ዲኮደር አድራሻው 3 ነው። በ3 ጥራው። ቀድሞ ተነካክቶ ከሆነ በብዙዎቹ ላይ ሲቪ 8 ውስጥ (ሲቪ የዲኮደሯ የቅንብር ቁጥር ነው) 8 ብትጽፍ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለሳል። ይህንም፣ የመጀመሪያውን ሙከራም በፕሮግራም ሐዲድ (ዲኮደር ለማስተካከል በተለየው ሐዲድ) ላይ አድርጉ። እዚያ የሚለቀቀው አነስተኛ ኃይል ስለሆነ የገጠማ ስህተት ቢኖር እንኳ የመትረፍ ዕድል አላት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አሁን ገጥሜ በዋናው ሐዲድ ላይ አስቀመጥኩት። ትንሽ ጭስ ወጣ። የሎኮሞቲቩ የጭስ ማውጫ ነው አይደል?

ሎኮሞቲቩ የናፍጣ ነው የእንፋሎት?

መልስ፦ የኤሌክትሪክ።

ሞተሩን ከሻሲው ለይተኸው ነበር?

መልስ፦ እሱ የግድ ነው እንዴ?