ዴጂማን ስሙልኝ፦ ለሕክምና ተማሪዎች

ልጆቼ፣

እኔ በሕክምና ሙያ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ጃፓን ነው። «መጽሐፍ የለም፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ እኛ ጋ ሲደርስ ያረጃል» የምትሉኝ በዝታችኋል። እውነታችሁን ነው፣ አልከራከራችሁም። ግን በአንዲት ጠባብ በር እውቀት ያስገቡ ሰዎችን ታሪክ ስሙልኝ።

ዴጂማ በጃፓን ናጋሳኪ ወደብ ላይ በሰው እጅ የተሠራች ትንሽ ደሴት ነበረች። ርዝመቷ 120፣ ወርዷ 75 ሜትር ገደማ ነበር። መጀመሪያ የተሠራችው ለፖርቹጋሎች ነበር። የጃፓን ገዢዎች ግን የክርስትናን መስፋፋት ስለፈሩ በ1639 ፖርቹጋሎቹን አባረሩ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የኛው አጼ ፋሲልም ኢየሱሳውያንን ያባረሩት በዚያው ዘመን መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በ1641 ቦታው ለሆላንድ ነጋዴዎች ተሰጠ። እነሱ ንግድ እንጂ ስብከት አልያዙም። ከዚያ በኋላ ከ200 ዓመት በላይ ጃፓን ውስጥ እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው አውሮፓውያን እነሱ ብቻ ሆኑ።

የሆላንዶቹ የዴጂማ ኑሮ እስር ቤት ይመስላል። ወደ ከተማው የሚያሻግር አንድ ድልድይ፣ እሱም ዘበኛ ያለበት። ሐርና ስኳር ይገባል፣ ብርና መዳብ ይወጣል። አስተርጓሚዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ ሥራው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በ1720 ሾገን (የጃፓን የጦር ገዢ) ዮሺሙኔ በውጭ መጻሕፍት ላይ የነበረውን እገዳ ሲያላላ፣ በዚያች ቀዳዳ እውቀትም በርከት ብሎ መግባት ጀመረ።

አሁን ወደኛ ሙያ ልምጣ።

በ1771 ሱጊታ ጌንፓኩ እና ማኤኖ ርዮታኩ የተባሉ ሐኪሞች ኤዶ ከተማ (የዛሬዋ ቶኪዮ) ውስጥ በሞት የተቀጣች ሴት አስከሬን ሲከፈት ለማየት ሄዱ። ሁለቱም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዘው ነበር፤ ጀርመናዊው ኩልሙስ የጻፈው፣ ወደ ሆላንድኛ የተተረጎመ የአናቶሚ መጽሐፍ። ሥዕሉን ከሳንባው፣ ከጉበቱ፣ ከአንጀቱ ጋር እያስተያዩ አዩት። ልክክ አለ። ሲማሩበት የኖሩት የቻይና መጽሐፍ ግን አልገጥም አለ።

ከነሱ በፊትም አስከሬን ሲከፈት ያዩ ሐኪሞች ነበሩ። ያዩት ከመጽሐፉ ጋር ሲጣላባቸው ግን «የቻይናና የጃፓን ሰው አካሉ ይለያይ ይሆን?» አሉ እንጂ መጽሐፉን አልጠረጠሩም። አትሳቁባቸው። ዋርድ ውስጥ በሽተኛው የሚናገረውን ትቶ «ስላይዱ ላይ እንዲህ አይልም» የሚል ተማሪ ዛሬም አለ።

እነ ሱጊታ በማግስቱ ማኤኖ ቤት ተሰብስበው መጽሐፉን መተርጎም ጀመሩ። ሱጊታ ሆላንድኛ አያውቅም ማለት ይቻላል። ማኤኖም የሚያውቀው ጥቂት ነው። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ ይዟቸው ይውላል። እየተገናኙ ሲገፉበት ቆይተው በ1774 አሳተሙት። ቋንቋውን እስክንጨርስ እንቆይ ቢሉ ኖሮ መጽሐፉ አይወለድም ነበር። ስለዚህ ልጆች፣ ስልካችሁ ውስጥ ካከማቻችሁት ፒዲኤፍ አንዱን ምረጡ። ሁለት ሦስት ጓደኛ ፈልጉ፣ ቀን ቁረጡ፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ግፉት። ብቻችሁን ከሆናችሁ የከበደው ምዕራፍ ላይ ትተዉታላችሁ።

በነገራችን ላይ፣ ከሁሉም ይበልጥ ሆላንድኛ የሚያውቀው ማኤኖ ስሙ በተርጓሚነት አልታተመም። ትርጉሙ ገና አልበሰለም ብሎ ነው ይባላል። ሱጊታ ደግሞ ቶሎ ይውጣ ባይ ነበር። እኔ ከሱጊታ ጋር ነኝ። ሆኖም እንደ ማኤኖ ያለ ሰው ከቡድናችሁ ባይጠፋ ደስ ይለኛል።

«የተማርነው ነገ ቢያረጅስ?» ለምትሉኝም አንድ ሰው ልጥቀስ። ፉኩዛዋ ዩኪቺ የተባለው ጃፓናዊ ምሁር ኦሳካ ከተማ ውስጥ ሆላንድኛ በተማረበት ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ መዝገበ ቃላት በተራ ነበር የሚያነቡት። በ1859 አዲስ ወደተከፈተው ዮኮሃማ ወደብ ሲሄድ ግን የሱቆቹን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው። የነጋዴዎቹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኗል። ተስፋው ቁርጥ አለ። ግን ወዲያው እንግሊዝኛ ጀመረ፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ስለሚቀራረቡም የሆላንድኛው ልፋት እንደጠቀመው በኋላ ራሱ ጽፏል።