ፈረሱን በላሁት፣ ከዚያስ?

የአንባቢያን የቼዝ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኦንላይን ጥቁር ይዤ ካሮ-ካን የሚባለውን መክፈቻ ስጫወት አንድ ጉድ ገጠመኝ። ተጋጣሚዬ ፈረሱን ጂ5 ላይ አቁሞ ነበር። «ሂድልኝ» ብዬ ወታደሬን ወደ ኤች6 ገፋሁ። እሱ ግን በመሸሽ ፈንታ ኢ6 ላይ ያለውን ወታደሬን በላ። ነጻ ፈረስ ነው ብዬ በላሁት። ቢሾፑን ጂ6 ላይ አምጥቶ ቼክ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ትንፋሽ አላገኘሁም። ማታ ጨዋታውን ለኢንጂን፣ ማለትም ለቼዝ መተንተኛ ፕሮግራም፣ ሰጠሁት። ፈረሱን በበላሁበት ቦታ በቁሳቁስ የምመራው እኔ ነኝ፤ ኢንጂኑ ግን «ነጭ ይሻላል» ይላል። የሚታይ ማት የለም። ንግሥቴም አልተያዘችም። ምን ታይቶት ነው? ጓደኛዬ ደግሞ «ይሄን ሰው አያስበውም፣ ሰውዬው ኮምፒውተር ከፍቶ ነው የተጫወተብህ» ይለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ተጋጣሚህን ነጻ ላውጣው። የላክልኝን ጨዋታ የእንጨት ቦርዴ ላይ ደረደርኩት። ሌሎቻችሁም ደርድሩት፦ ኢ4፣ ሲ6፤ ዲ4፣ ዲ5፤ ፈረስ ሲ3፣ ወታደር ኢ4ን በላ፤ ፈረስ ኢ4ን በላ፣ ፈረስ ዲ7፤ ፈረስ ጂ5፣ የጂ8 ፈረስ ኤፍ6፤ ቢሾፕ ዲ3፣ ኢ6፤ የጂ1 ፈረስ ኤፍ3፣ ኤች6። አሁን ፈረስ ኢ6ን በላ።

ይህ አቋም ዝነኛ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1997 ኒውዮርክ ላይ የዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ ከአይቢኤሙ ኮምፒውተር ከዲፕ ብሉ ጋር ስድስተኛውንና የመጨረሻውን ጨዋታ ሲያደርግ የወደቀው እዚሁ ነው። ያን ቀን ካስፓሮቭ በ19ኛው እርምጃ እጅ ሰጠ። ማሽኑም ግጥሚያውን 3.5 ለ 2.5 አሸነፈ።

የሚገርመው ሌላ ነው። ዲፕ ብሉ በሰከንድ 200 ሚሊዮን ገደማ አቋም ይመረምር ነበር፤ ፈረሱን የሰዋው ግን አስቦ አይደለም። እርምጃው ቀድሞ የተጫነለት የመክፈቻ መጽሐፍ ውስጥ ነበር። መጽሐፉን ያዘጋጁት ሰዎች ናቸው፤ ግራንድማስተር ጆኤል ቤንጃሚን አንዱ ነበር። የዚያ ዘመን ኮምፒውተሮች የሰጡት ቁሳቁስ ቶሎ ሲመለስላቸው ካላዩ መሰዋት አይሆንላቸውም ነበር። ስለዚህ ለጓደኛህ እንዲህ በለው፦ ይህን እርምጃ ሰው ነው ለኮምፒውተር ያስተማረው። ተጋጣሚህም መክፈቻ አጥንቶ ይሆናል እንጂ አላጭበረበረም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ እንምጣ። ምን ታይቶት ነው?

እስቲ ጂ6 የምትባለውን ካሬ ተመልከት። መጀመሪያ ሁለት ወታደሮች ይጠብቋት ነበር፦ የኤፍ7 እና የኤች7። ኤች6 ብለህ ስትገፋ አንደኛውን ጠባቂ አንተው አነሳኸው። ኢ6 ላይ ያለውን ፈረስ በኤፍ ወታደርህ ስትበላ ሁለተኛው ሄደ። ካሬዋ ባዶዋን ቀረች፤ የነጩ ቢሾፕ ዲ3 ላይ ሆኖ የሚጠብቀው ይህችኑ ነበር። የፈረሱ ዋጋ የተከፈለው ለእሷ ነው።

ቼክ ሲመጣ ንጉሥህ የት ይሂድ? ዲ8 ላይ ንግሥትህ አለች። ዲ7 ላይ ፈረስህ አለ። ኤፍ7ን ቢሾፑ ያየዋል። የቀረው ኢ7 ብቻ ነው። እዚያ ሲቆም ደግሞ በር ላይ ተገትሮ ቤተሰቡን ሁሉ መውጫ እንዳሳጣ አባወራ ይሆናል። የኤፍ8 ቢሾፕህ መውጫ የለውም፤ በአንድ በኩል ንጉሡ፣ በሌላው የራስህ የጂ7 ወታደር ዘግቶታል። ንግሥትህም በዚያ በኩል ታፍናለች። የኤች8 ሩክህም ሥራ ፈት ነው። ፈረስ በልጠህ ትመራለህ ትላለህ፤ ግን ስንት ዕቃ ነው በእውነት እየተጫወተልህ ያለው? ቁጠረው። ኢንጂኑ የሚነግርህ ይህንኑ ነው፣ በሱ ቋንቋ።

ካስፓሮቭ ፈረሱን ወዲያው አልበላም። መጀመሪያ ንግሥቱን ኢ7 ላይ አደረገ፤ ለንጉሡ ዲ8ን መክፈቱ ነው። ዲፕ ብሉ ፈረሱን እዚያው ጥሎት ካስል አደረገ (ንጉሡንና ሩኩን በአንድ እርምጃ አንቀሳቅሶ ንጉሡን ደበቀ)። ካስፓሮቭ በላ፣ ቢሾፑ ጂ6 ላይ ቼክ አለ፣ ንጉሡ ወደ ዲ8 ሄደ። አሁንም ኤፍ8 ያለው ቢሾፕ ታፈነ፤ በዚህ ጊዜ ያፈነችው ንግሥቷ ናት።

ይህን ጨዋታ ለልጆች ሳሳይ ሁሌ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ከዚያ በኋላ ነጭ ስንት ጊዜ ቼክ አለ? ብዙዎቹ አምስት ስድስት ይላሉ። መልሱ «አንድም ጊዜ አላለም» ነው። ከ10ኛው እርምጃ ቼክ በኋላ እስከ 19ኛው ድረስ ሌላ ቼክ የለም። ቢሾፕ ኤፍ4። ወታደር ኤ4። ሩክ ኢ1። ቢሾፑ ወደ ጂ3 ማፈግፈግ። ፈረስ የሰጠ ሰው እንዲህ ተረጋግቶ ሲጫወት ያየ ነው ስለ መስዋዕት የሚገባው። ጥቁር እኮ የሚያደርገው የለም። ጊዜው የነጭ ነው።

እሺ፣ ኢንጂኑ ጋ ምን ልጠይቅ ትለኝ ይሆናል። ብዙ ሰው ቁጥሩን አይቶ ስልኩን ይዘጋል። ቁጥሩ ግን የሚነግርህ ማን እንደሚሻል ብቻ ነው፤ ለምን እንደሚሻል አይነግርህም። ስቶክፊሽ የሚባለው ኢንጂን ከ12ኛው እትሙ ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ፣ አቋምን የሚገመግመው በኒውራል ኔትወርክ (ከብዙ ምሳሌ ራሱ በተማረ ሥርዓት) ነው። ምክንያቱን አውጥቶ አይዘረዝርልህም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከወጣው 15.1 እትም ወዲህ ደግሞ +1 ማለት «አንድ ወታደር ይበልጣል» ማለት አይደለም። በኢንጂኖች መካከል ቢሆን ነጭ ከዚህ አቋም ግማሽ ያህሉን ጊዜ ያሸንፋል ማለት ነው። ስለዚህ ወታደር ቆጥረህ ከቁጥሩ ጋር ለማስታረቅ አትድከም፤ አይታረቅም።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ኢንጂኑን ከመክፈቴ በፊት ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት መስመር እጽፋለሁ፦ ነጭ ምን ይፈልጋል፣ ጥቁር ምን ያደርጋል። ከዚያ የጥቁርን ተራ አዘልላለሁ። አንዳንድ መተግበሪያዎች ላይ ስጋቱን የሚያሳይ ቁልፍ አለ፤ ከሌለ ለጥቁር የማይረባ እርምጃ፣ ለምሳሌ ወታደር ኤ6፣ ስጠውና ነጭ ምን እንደሚያደርግ እይ። ያን ጊዜ ጥቃቱ ራሱን ያሳይሃል።

ከሁሉ የምወደው ግን አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ እንደገና መጠየቅ ነው። የቦርድ ማስተካከያውን ክፈት። ያንኑ አቋም አስቀምጥ፤ የኤች ወታደርህን ብቻ ወደ ኤች7 መልሰው። አሁን ፈረሱ ኢ6 ላይ ይሰዋ። ብላው። ቢሾፑ ጂ6 ላይ ቼክ ሲል በኤች ወታደርህ ቢሾፑንም ትበላለህ። አለቀ፣ መስዋዕቱ ቀልድ ሆነ።

ቀጥለህ ሌላ ሞክር። ኤች6 ከመግፋትህ በፊት የኤፍ8 ቢሾፕህን ዲ6 ላይ አውጣው። ነጭ ንግሥቱን ኢ2 ላይ ያድርግ። አሁን ኤች6 በል። ፈረሱ ኢ6ን ቢበላና ቢሾፑ ጂ6 ላይ ቼክ ቢል፣ ንጉሥህ ኤፍ8ም ኢ7ም አለው። ቢሾፕህም ቀድሞ ወጥቷል፣ የሚታፈን የለም። ካሮ-ካን የሚጫወቱ ባለሙያዎች መጀመሪያ ቢሾፕ ዲ6 የሚሉት በሌላ አይደለም። የአንድ እርምጃ ቅደም ተከተል ነው። ያው ፈረስ፣ ያው ካሬ፣ አንዱ ጋ ያሸንፋል፣ ሌላው ጋ ፈረሱ በከንቱ ይሄዳል። ኢንጂኑን እንዲህ ስትይዘው ብቻ ነው የሚያስተምርህ።

ጥያቄ፦ እኔ ፔትሮፍ የሚባለውን የጥቁር መክፈቻ ሲጫወቱብኝ ሁሌ ፈረሴን ኤፍ7 ላይ እሰዋለሁ። ብዙ ጊዜ አሸንፋለሁ። ኢንጂን ግን በጭራሽ አይወደውም። ልተወው?

መልስ፦ አትተወው እህቴ! ኮክሬን ጋምቢት ነው የምትጫወቺው፤ ስሙን ያገኘው ከ19ኛው ክፍለ ዘመኑ ስኮትላንዳዊ ጆን ኮክሬን ነው። ኢ4፣ ኢ5፤ ፈረስ ኤፍ3፣ ፈረስ ኤፍ6፤ ፈረስ ኢ5ን በላ፣ ዲ6፤ እና ዱብ፣ ፈረስ ኤፍ7ን በላ። ለፈረሱ ሁለት ወታደር ታገኛለሽ፣ መሐል ሜዳውን ትይዣለሽ፣ የጥቁር ንጉሥም ካስል ማድረግ አይችልም።

ኢንጂኑ ጥቁር ይሻላል ማለቱ ልክ ነው። ከእሱ ጋር አልከራከርም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ሊናሬስ ላይ ቬሴሊን ቶፓሎቭ ይህንኑ ከዓለም ምርጦች አንዱ በነበረው በቭላድሚር ክራምኒክ ላይ ተጫውቶ አቻ ወጥቷል። ክራምኒክ ላይ! አንቺ ደግሞ ተጋጣሚዎችሽ ክራምኒክ አይደሉም ብዬ ልገምት።

እዚህ ጋ ኢንጂኑን ሌላ ነገር ጠይቂው። አንድ መስመር ብቻ እንዳያሳይሽ፣ አምስት ምርጥ እርምጃ እንዲያሳይ አድርጊው። ማስተካከያው ውስጥ አለ። ጥቁር ተራ ሲደርሰው አምስቱን እዪ። አምስቱም ለጥቁር ጥሩ ከሆኑ፣ ተጋጣሚሽ ዓይኑን ጨፍኖም ይድናል፤ መስዋዕትሽ አልሠራም ማለት ነው። አንዱ ብቻ ጥሩ ሆኖ አራቱ ገደል ከሆኑ ግን ሌላ ወሬ ነው። በተለይ ያ አንዱ እርምጃ ንጉሡን ወደ መሐል የሚያስኬድ ወይም ሰው የሚያፍርበት ዓይነት ማፈግፈግ ከሆነ፣ ሦስት ደቂቃ ሰዓት ላይ ማን ያገኘዋል? ረጅም ሰዓት ባለው ውድድር ላይ ግን ባትጫወቺው ደስ ይለኛል። እዚያ ሰው ቁጭ ብሎ ያስባል።

ጥያቄ፦ ድረ ገጹ ለፈረስ መስዋዕቴ ሁለት ቃለ አጋኖ ሰጠኝ፤ «ብሪሊያንት» አለኝ። ላፕቶፔ ላይ ያለው ኢንጂን ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ስህተት ነው አለ። የቱን ልመን?

መልስ፦ ላፕቶፑን። ድረ ገጹ በሺህ የሚቆጠሩ ጨዋታዎችን ስለሚገመግም ለአንተ ጨዋታ የሚሰጠው ጊዜ ትንሽ ነው። (እነዚያን ምልክቶች በበኩሌ አልወዳቸውም። ሰው ጥሩ እርምጃ ሳይሆን ምልክት ማደን ይጀምራል።)

ደግሞ ላፕቶፑንም ዝም ብለህ አትመን። ኢንጂን ቼክና መብላትን ቀድሞ ይመረምራል፤ ጸጥ ያሉ እርምጃዎችን ወደ ኋላ ያስቀራቸዋል፣ በጥልቀትም አያያቸውም። በመስዋዕት አቋም ውስጥ ደግሞ ቁልፉ ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለው እርምጃ ነው። ስለዚህ እጅህን ይዘህ አስኪደው። ዋና መስመሩን ስድስት ሰባት እርምጃ ወደፊት ሂድበት፣ እያንዳንዱ ላይ ትንሽ ቆይ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለስክ ቁጥሩን እይ። ኢንጂኑ ያየውን በማህደረ ትውስታው ስለሚይዝ፣ ስትመለስ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። ካልቀየረ በቃ፣ ስህተት ነው።

ስህተት ቢሆንም አንገትህን አትድፋ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሚኻይል ታል ሞስኮ ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ከቦትቪኒክ ጋር ሲጋጠም፣ ስድስተኛው ጨዋታ ላይ በ21ኛው እርምጃ ፈረሱን ኤፍ4 ላይ ጣለው። አዳራሹ በጫጫታ ከመናወጡ የተነሳ ተጫዋቾቹ ወደ ኋላ ክፍል ተወሰዱ። ቦትቪኒክ በ25ኛው እርምጃ የታልን ንግሥት በሩክ በላ። በቢሾፑ ኤፍ3 ላይ ያለውን ወታደር ቢበላ ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ ዛሬ ኢንጂን ስትከፍት ይህ ወዲያው ይታያል። ታል ግን ያን ጨዋታ አሸነፈ፣ በዚያው ዓመት በ23 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ።

ጨዋታህን ከነእርምጃ ቁጥሩ ላክልኝ። የላክኸው ፎቶ ላይ ነጩ ከየት በኩል እንደሚጫወት አይታወቅም።