ሶሺዮሎጂ ተምሬ ጤና ላይ መሥራት እችላለሁ ወይ?

የዛሬዋ ጠያቂያችን የሦስተኛ ዓመት የሶሺዮሎጂ (የማኅበረሰብ ጥናት) ተማሪ ናት። ጤና ላይ መሥራት የልጅነት ምኞቷ ነው። ነርስ የሆነው ታላቅ ወንድሟ ግን «ጤና የጤና ባለሙያ ሥራ ነው፣ አንቺ ዝም ብለሽ ጊዜሽን እያቃጠልሽ ነው» ይላታል። አሁን ትምህርቷን አቋርጣ በግል ኮሌጅ ነርሲንግ ከዜሮ ለመጀመር እያሰበች ነው።

እህቴ፣ አታቋርጪ።

በሽተኛ አጠገብ ቆመሽ ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት ከሆነ የምትወጂው ወንድምሽ ልክ ነው፣ ነርሲንግ ግቢ። እኔን ግን የያዘኝ ደብዳቤሽ መሀል ላይ ያለችው ጥያቄ ናት። «ጤና ጣቢያው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ሆኖ የሰፈራችን ሰው ለምን ታሞ እስኪወድቅ አይሄድም?» ብለሻል። ይሄ እኮ ሶሺዮሎጂ ነው!

አንድ ነገር ላጫውትሽ። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገራችን ከ100 ወሊዶች ጤና ተቋም ውስጥ የተካሄዱት 5 ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2011 ቁጥሩ ወደ 10 ከፍ አለ። በእነዚያ ዓመታት መንግሥት በየወረዳው ጤና ጣቢያ ሲገነባ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቤቱ ይዞሩ ነበር። ታዲያ ቤቱ ተሠርቶ እናቶች ለምን አልመጡም?

እኔም ያኔ አዲስ ተመራቂ ነበርኩ። መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ገጠር ወረድኩ። መጠይቁ ላይ «ለምን ቤት ወለዱ?» ይላል። ከሥሩ ሳጥኖች አሉ፦ ርቀት፣ ገንዘብ፣ መጓጓዣ፣ ሌላ። አንዲት እናት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጠየቅኋት። ጤና ጣቢያው ከቤቷ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፣ ቆርቆሮው ከተቀመጥንበት ይታያል። ሴት ስለሆንኩ ይመስለኛል ሳትሸሽግ ነገረችኝ። «እዚያማ በጀርባሽ ያስተኙሻል። ወንድ ገብቶ ያይሻል። እናቴን ከውጭ ያስቀሯታል። ማርያም ማርያም የሚልልኝ የለ፣ ገንፎ የሚያገነፋልኝ የለ። እንግዴ ልጁንስ የት እንደሚጥሉት በምን አውቃለሁ?» አለችኝ።

እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩና ከጎኑ ባለችው ጠባብ መስመር ላይ ፊደል እያሳነስኩ ጻፍኩት። አልበቃኝም፣ ወደ ጀርባው ገለበጥኩ። የዚያን ቀን ነው ሥራዬ ምን እንደሆነ የገባኝ።

ይህን ዓይነት መልስ የሰማሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ብዙ ተመራማሪዎች በየክልሉ ተመሳሳዩን ሰምተዋል። ቆይቶ በየጤና ጣቢያው ገንፎ ይገነፋ ጀመር፣ ቡና ይፈላ ጀመር፣ ቤተሰብ አብሮ እንዲገባ የፈቀዱም አሉ። መውለጃዋ የደረሰ እናት ቀድማ መጥታ የምታርፍበት የእናቶች ማቆያም በብዙ ቦታ ተከፈተ። ይሄኛው እንኳ አዲስ ሐሳብ አይደለም፣ ጉራጌ ያለው አጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ100 ወሊዶች 26 ያህሉ፣ በ2019 ደግሞ 48 ያህሉ ጤና ተቋም ውስጥ ተካሄዱ። ሁሉንም ገንፎው አመጣው እያልኩሽ አይደለም። አምቡላንሱም፣ መንገዱም፣ የኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ልፋትም አለበት። ደም የሚያቆመውም ገንፎ ሳይሆን አዋላጇ ናት። ግን እናትየዋ ከቤቷ ካልወጣች አዋላጇ ምን ታደርግላታለች?

የእናቶችን ሞት የሚያጠኑ ሰዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚሉት ነገር አለ። አንዱ ለመሄድ መወሰን ላይ ነው፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ፣ ሦስተኛው ሕክምናው ቦታ ከደረሱ በኋላ። ወንድምሽ ከዋርድ ሆኖ በደንብ የሚያየው ሦስተኛውን ነው። የመጀመሪያው የሚፈጠረው ባልና አማት በተቀመጡበት፣ እሳት ዳር ነው። እዚያ ገብቶ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ፖዶኮኒዮሲስንም አስቢ፣ ያን እግር የሚያሳብጠውን። ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። ጫማና የእግር ንጽሕና ይከላከለዋል፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ግን «የዘር ነው» እየተባለ ጋብቻ ይከለከልበታል፣ የታመመው ያፍርና ቤት ይደበቃል። ጫማ ያለውም ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ያስቀምጠዋል፣ ጭቃ ላይ ማን በጫማ ያርሳል? ጫማ ማደል ብቻ እንደማይበቃ ያኔ ይገባሻል።

አሁን ወደ እንጀራው ጉዳይ። እውነቱን ልንገርሽ፣ «ሶሺዮሎጂስት እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ብዙ አታገኚም። በሌላ ስም ፈልጊው፦ የጥናት ረዳት፣ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ፣ የማኅበረሰብ ተሳትፎ ባለሙያ፣ በሆስፒታል ደግሞ ማኅበራዊ ሠራተኛ። ኤንጂኦ ላይ ብቻ አትንጠልጠዪ። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ብዙ የጤና ፕሮጀክት ተዘግቷል፣ የዓመታት ልምድ ያላቸው ሰዎችም ካንቺ ጋር ሥራ እየፈለጉ ነው።

ስለዚህ ከመመረቅሽ በፊት እጅሽ ላይ የሚታይ ነገር ይኑር። ከስታትስቲክስ አትሽሺ። ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የመረጃ መተንተኛ የኮምፒውተር ፕሮግራም ልመጂ፣ በስልክ መረጃ የሚሰበሰብበትን ኮቦንም። ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ከቻልሽ ሲቪሽ ላይ ከላይ አድርጊው፣ ቃለ መጠይቅ ሰምቶ በትክክል የሚጽፍና የሚተረጉም ሰው ሁሌም ይፈለጋል። ማስተርስ ካማረሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሶሻል ወርክ ያስተምራል። የሕዝብ ጤና ከሆነ የምትፈልጊው መስፈርቱን ቀድመሽ ጠይቂ፣ የጤና ዲግሪ ግድ የሚሉ አሉ።

ከሁሉም በላይ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ጤና ላይ አድርጊው። አንድ ቀበሌ፣ አንድ ጥያቄ ይበቃል። የትብብር ደብዳቤ ከትምህርት ክፍልሽ አውጪ፣ የጤና ጽሕፈት ቤቱን አስፈቅጂ፣ የምታነጋግሪውን ሰው ደግሞ ፈቃዱን ሳትጠይቂ አትጀምሪ።

ጥያቄውን ከየት ላምጣ ካልሽ፣ ወንድምሽ አለልሽ። ማታ ቡና ላይ አረጋግተሽ ጠይቂው። የማንንም ስም ሳይጠራ፣ በዚህ ወር የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ጀምረው ስንት ሰዎች እንዳቋረጡ ይንገርሽ። ከዚያ «ለምን አቋረጡ?» በይው። የሚያውቀውን ይነግርሻል። የማያውቀው ላይ ሲደርስ ደብተርሽን አውጪና ጻፊው።