«ጉርሻ»ን አታስተርጉሟቸው

ልጄ ለትምህርት ቤት ግጥም ጻፈች። በእንግሊዝኛ፣ ስለ አያቷ። መሃሉ ላይ «ጉርሻ» የሚል ቃል አለ። እኔ አዋቂው አባት «ፈረንጅ አይገባውም፣ ተርጉሚው» አልኳት። ተያይዘን ሞከርን። በእንግሊዝኛ ሲዞር በሽተኛ የሚያጎርሱ መሰለ። ሰረዘችውና ጉርሻን መለሰችው።

ያኔ ሚስ ሉ ትዝ አለችኝ። እዚህ ቶሮንቶ ከጃማይካዊ ጋር የሠራ ሁሉ ስሟን ይሰማል። ጃማይካዊቷ ገጣሚ ሉዊዝ ቤኔት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ያረፈችውም እዚሁ ቶሮንቶ ነው። ጃማይካ እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ስትገዛ፣ ተማሪው አይቶት ስለማያውቀው የእንግሊዝ አበባ ግጥም ይሸመድድ ነበር። ቤቱ የሚናገረው ፓትዋ ደግሞ «የተበላሸ እንግሊዝኛ» ይባላል። እሷ በዚያው በፓትዋ ገጠመች። ለብዙ ጊዜ እንደ ቀልደኛ እንጂ እንደ ገጣሚ አልቆጠሯትም። በአንድ ግጥሟ ፓትዋን ካልገደልኩ የሚለውን ማስ ቻርሊን አፋጠጠችው፦ እንግዲያው የስኮትላንዱንም የዮርክሻየሩንም ዘዬ ግደላ! እንግሊዝኛ ራሱ ከዘዬ አይደል የተወለደው?

የባርቤዶሱ ገጣሚ ካማው ብራትዌትም ይህን አነጋገር «የአገር ቋንቋ» አለው። የካሪቢያን ደሴቶች ልጆች ድርሰት ሲጽፉ በሸንኮራ ማሳ ላይ በረዶ ያዘንቡ እንደነበር ያነሳል። እውነቱን ነው፤ የተማሩት ግጥም ውስጥ በረዶ እንጂ የደሴቶቹ አውሎ ነፋስ የለማ።

እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ ምን አገናኘን ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ እንግሊዝኛውን ለልጆቻችን ያመጣነው እኛው በአውሮፕላን ተሳፍረን ነው። ግን ልጁ ሴት አያቱን «አያቴ መጣ» ሲል እንግዳ ፊት ስንስቅበት አያችሁ? እኔ ስቄያለሁ። ልጄ ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር የምትመልስልኝ። ማስ ቻርሊ ሳሎናችን ውስጥ ቁጭ ብሏል ማለት ነው።

ስለዚህ አትሳቁ። «አያቴ መጣች? የት አለች?» ብላችሁ ጨዋታውን ቀጥሉ፣ ጆሮው ይይዘዋል። በእንግሊዝኛ ከጻፉም ይጻፉ። አማርኛው ሲገባበት ግን «ምን ይሉናል» ብላችሁ አታስወጡት። የቅዳሜ ፊደል ትምህርቱም ይቀጥል፣ እሱን አልተውኩም።

አስተማሪዋ ከቃሉ ጎን «ይህ ምንድን ነው?» ብላ ጽፋባት ነበር። ልጄ በማግስቱ እንጀራ በምሳ ዕቃ ይዛ ሄደች፣ ለሁለት ሰው የሚሆን።