ለስፕሊት ኪቦርዱ ጥያቄ፦ ፊደል ያለበት ኪካፕ አትዘዝ

ወንድሜ፣ ኮርን የሚባለውን ለሁለት የተከፈለ ኪቦርድ ልትሠራ ነው፣ ሌይአውቱን (የቁልፎቹን አደራደር) እንዴት እንደምትቀይርና የአማርኛ ፊደል ያለበት ኪካፕ (የቁልፍ ክዳን) ከየት እንደምታመጣ ጠይቀሃል። እኔም እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ቁጭ ብዬ የሠራሁት እሱኑ ስለሆነ ያየሁትን ልንገርህ።

1. ሌይአውቱን ከነጭራሹ ዊንዶውስ ላይ አትንካው፣ ዩኤስ (የእንግሊዝኛው) ላይ ተወውና ቪያል በሚባለው የቁልፍ መቀየሪያ ፕሮግራም ኪቦርዱ ውስጥ ቀይረው። ኪቦርዱ ፊደል አይደለም የሚልከው፣ የቁልፉን ቁጥር ነው፣ ያንን ተቀብሎ ሰ የሚያደርገው የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም ኪማን ነው። ስለዚህ ኤስን የትም ብትወስዳት ሰ አብራት ትሄዳለች፣ አማርኛህ አይበላሽም።

2. ሺፍትን ለአውራ ጣት ስጣት። ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች እንግሊዝኛ ስለሚጽፉ ይሄን ማንም አይነግርህም። እኛ በኪማን ስንጽፍ ተ እና ጠ፣ ቸ እና ጨ፣ ነ እና ኘ የሚለዩት በሺፍት ነው። «ጥሩ ጠጅ ጠጣ» ብለህ ጻፍ እስቲ፣ አራት ጊዜ ሺፍት ነው፣ እሱም ሁሉ በትንሿ ጣት! ቪያል ላይ ዋን ሾት የሚለውን ስጣትና አንዴ ነካ ስታደርጋት ለሚቀጥለው ፊደል ብቻ ትሠራለች። እኔ እሷን ካደረግኩ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ውዬ እጄን አያመኝም፣ ድሮ ማታ ማታ እንጀራ መቁረስ ራሱ ያቅተኝ ነበር።

3. እቃው ሲመጣ ተጠንቀቅ። እኔ ግማሹ ተሶልድሮ የመጣ ነበር ያዘዝኩት፣ ልወስድ ስሄድ የጉምሩክ ሠራተኛው «ሁለት ኪቦርድ ነው፣ የሁለት ቀረጥ ትከፍላለህ» አለኝ። ኧረ ግራና ቀኝ ነው፣ ጫማ ሁለት ነው ተብሎ የሁለት ጥንድ ይቀረጣል ወይ ስለው ተቆጣኝ፣ ከዛ መሥራቱን ልይ ብሎ ራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካውና ዩኤስቢው ሳይነቀል መሀል ያለውን ኬብል መዞ አወጣው፣ ተው እያልኩት! ያ ኬብል ኃይል እያለ ሲነቀል ሾርት ያደርጋል፣ የቀኙ ፕሮ ማይክሮ (ኪቦርዱን የሚያሠራው ትንሽ ቦርድ) እዛው ሞተ። ይቅርታ እንኳ የለም፣ «ድሮም የተበላሸ ነው» ብሎ ፈረመልኝ። ፒያሳ ሞባይል ከሚጠግን ልጅ የሶልደር ብረት ተውሼ አዲስ ፕሮ ማይክሮ በገዛ እጄ ቀየርኩት፣ እስከ ዛሬ ይሠራል። አንተ ደረሰኙ ላይ «አንድ ሴት (1 set)» ተብሎ ይጻፍ፣ ኬብሉን ደግሞ ማንም እንዳይነካብህ።

ኪካፑን በተመለከተ፣ ፊደል የተጻፈበት አይጠቅምህም። 33ቱን ፊደል በሰባት ብታባዛ 231 ነው፣ ኮርን 42 ቁልፍ ነው ያለው፣ የትኛውን ትጽፍበታለህ? በዛ ላይ ፊደል እያዛወርክ ትከርማለህ። ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ፒቢቲ (የፕላስቲክ ዓይነት ነው)፣ ፕሮፋይሉ (ቅርጹ) ኤክስዲኤ ወይም ዲኤስኤ የሆነ እዘዝ፣ ረድፉ ሁሉ እኩል ስለሆነ የትም ብታደርገው ይገጥማል፣ ቼሪ የሚባለው ፕሮፋይል ግን ረድፍ በረድፍ ቁመቱ ይለያያል። ለአውራ ጣት ስፋቷ አንድ ተኩል ቁልፍ የሆነችዋ ኪካፕም ሁለት መኖሯን አይተህ ግዛ።

የቪያል ፋይሌን ከፈለግክ ኢንቦክስ አድርግልኝ እልክልሃለሁ፣ ሺፍቷ ግራ አውራ ጣት ላይ ናት፣ ስፔስ ቀኝ።