መልስ፦ ርካሽ መድኃኒት ጥራት ይጎድለዋል?

"ድሃ አገሮች የሚገዙት ርካሽ መድኃኒት ጥራቱ ያስተማምናል ወይ?" ብለው ለጠየቁት፦ ዋጋው ስለቀነሰ ብቻ ጥራቱ ይወርዳል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የህንዱ መድኃኒት አምራች ሲፕላ አብረው የሚወሰዱ ሦስት የኤችአይቪ መድኃኒቶችን ለአንድ ታካሚ በዓመት 350 ዶላር አቀረበ። በፓተንት (በፈጠራ ባለቤትነት መብት) የተያዙት ከ10,000 ዶላር በላይ ይጠየቅባቸው ነበር። በዚያ የዋጋ ልዩነት ስንት ሰው እንዳለቀ ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

የሚያሰጋው የላላ ቁጥጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 እንደገመተው፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ከ10 የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት አገሮች ተባብረው የድርጅቱን ቅድመ ብቃት ምዘና (የጥራትና የደኅንነት ፍተሻ) ያለፉ ጄነሪኮችን፣ ማለትም ሌሎች አምራቾች የሚሠሯቸውን ተመሳሳይ መድኃኒቶች፣ በብዛት ቢገዙ ይሻላል። ፓተንት እንቅፋት ከሆነባቸውም፣ አስገዳጅ ፈቃድ የመስጠት (ያለ ፓተንቱ ባለቤት ስምምነት ሌላ አምራች እንዲያመርት የመፍቀድ) መብታቸውን እ.ኤ.አ. የ2001ዱ የዓለም ንግድ ድርጅት የዶሃ መግለጫ አረጋግጦላቸዋል።